ከበርጩማ መነሳት

በቴፒ ዙሪያ የቡና ለቀማ ሲደርስ ሥራው በዕድሜ ይደለደላል። ደልዳይ የለውም፤ ሁሉም ቦታውን ያውቃል። ጎረምሳው ጆንያ ይሸከማል። ጉልበት ያላቸው ሴቶች ከማለዳ እስከ ማታ ቆመው፣ ቅርንጫፍ ወደ ታች እየሳቡ ቀይ እሸቱን ይለቅማሉ። ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ያገላብጣሉ፣ ወይም ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ብልሹውን ከደህናው ይለያሉ። አባቶች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጦጣና ዝንጀሮ ይጠብቃሉ። በሸካ፣ በሸኮና በመዠንግር ጫካዎች የማር ሥራም እንዲሁ ነው። ቀፎ ይዞ ረጅም ዛፍ ላይ ሲወጣ የኖረ አባት አንድ ዓመት ላይ ልጁን ይልካል፤ እሱ ከሥር ቆሞ የትኛውን ቅርንጫፍ መያዝ እንዳለበት ይነግረዋል።

መጀመሪያ የሚቀረው ዛፍ መውጣት ነው። ቀጥሎ ሸክም ይቀራል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ መቆም፤ በመጨረሻ ያለ ደጋፊ ከበርጩማ መነሳት። የቡናና የማር አገር ሰው ይህን ቅደም ተከተል ከልማድ ያውቀዋል። ሐኪሞችም በየላቦራቶሪያቸው ጡንቻ እየለኩ የደረሱበት ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ በቅጽበት የሚፈነዳ ኃይል አስቀድሞ ይሄዳል፣ ከባድ ነገር የሚያነሳ ጉልበት ይከተለዋል፣ ለዕለት ኑሮ የሚያስፈልገው አቅም እስከ መጨረሻው ይቆያል። ሲሄድ ግን ሰውየውን ከእነ ነፃነቱ ይዞት ይሄዳል።

ከዕድሜ ጋር የሚመጣው ይህ የጡንቻ መሟሸሽ በሕክምና ሳርኮፔኒያ ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣለት አሜሪካዊው የሥነ ምግብ ተመራማሪ ኧርዊን ሮዘንበርግ ነው። እስከዚያ ድረስ አጥንት ሲሳሳ፣ ዓይን ሲፈዝ፣ ደም ግፊት ሲወጣ የየራሳቸው ስምና ሐኪም ነበራቸው፤ ጡንቻ ሲያልቅ ግን «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር። በአሜሪካ የሕክምና መዝገብ የራሱን የበሽታ መለያ ቁጥር ያገኘው ገና እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እኛ ዘንድ ዛሬም ጤና ጣቢያ ሄደው «ጉልበቴ አልቋል» የሚሉ አዛውንት ብዙውን ጊዜ የሚሰሙት ያንኑ የድሮውን መልስ ነው። መልሱ ከፊል እውነት አለው። ዕድሜ ድርሻውን ይወስዳል፣ ይህን ማንም አያስቀረውም። የቀረውን ድርሻ የሚወስዱት ግን የበሽታ አልጋ፣ የሳሳ ማዕድና፣ ደስ የማይል ቢሆንም፣ አክብሮታችን ናቸው።

መጀመሪያ ዕድሜ የሚወስደውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1988 ስዊድናዊው ያን ሌክሴልና ባልደረቦቹ በሕይወት ሳሉ ጤነኛ የነበሩ የ43 ወንዶችን የጭን ጡንቻ ከሞቱ በኋላ መረመሩ። የሟቾቹ ዕድሜ ከ15 እስከ 83 ዓመት ነበር። ጡንቻውን ከዳር እስከ ዳር በስሱ ቆርጠው ውስጡ ያሉትን ክሮች ቆጠሩ። ያገኙት፣ ከ20 ዓመት እስከ 80 ዓመት ባለው ጊዜ የጡንቻው ስፋት በአማካይ 40 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ነው። የሚገርመው ግን የመቀነሱ ምክንያት ነበር። አብዛኛው ሰው ጡንቻ ሲከሳ እያንዳንዱ ክር የሚቀጥን ይመስለዋል። ቆጠራው ያሳየው የክሮቹ ቁጥር ራሱ በዚያው መጠን እንደሚጎድል ነው። የጠፋ የጡንቻ ክር ደግሞ እንደ ቆዳ ተመልሶ አይተካም።

ክሩ የሚጠፋው ነርቩ ስለሚሞት ነው። ጡንቻ በራሱ አይታዘዝም፤ ከአከርካሪ የሚነሳ አንድ ነርቭ መቶም ሺህም ክሮችን ይዞ ያዛል። ከ60 ዓመት በኋላ እነዚህ ነርቮች አንድ በአንድ መሞት ይጀምራሉ። ጌታ ያጡትን ክሮች በአቅራቢያው ያለ ሌላ ነርቭ አንዳንዶቹን ይረከባቸዋል፤ ያልተረከባቸው ሟሽሸው ይቀራሉ። ይህ ርክክብ ጥሩ ዜና ቢሆንም ዋጋ አለው። ጡንቻችን ሁለት ዓይነት ክሮች አሉት። ዝግተኛው ለመቆም፣ ለመራመድ፣ ቀኑን ሙሉ ለመሥራት ነው። ፈጣኑ ለመዝለል፣ ለማንሳት፣ ሲያደናቅፍ እግርን ቶሎ ወደፊት ለመጣል ነው። በዕድሜ ይበልጥ የሚጎዳው ፈጣኑ ነው፤ የተረፈውም በርክክቡ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ወደ ዝግተኛው ወገን ይገባል። ምሩፅ ይፍጠርን ማርሽ ቀያሪው ያሰኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ው የሞስኮ ኦሊምፒክ በ5,000ም በ10,000ም ሜትር መጨረሻ ላይ የታየው ያ ድንገተኛ ፍጥነት ነው። አዛውንቱ የሚያጣው ይህንን ማርሽ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ከቤት ገበያ መሄድ አያቅተው ይሆናል። ባጃጅ ድንገት ሲመጣበት ወደ ዳር ለመሸሽ ግን የሚቀይረው ማርሽ አያገኝም።

ስለዚህ በቁመናና በክብደት መፍረድ ያሳስታል። ጉልበት ከጡንቻው መጠን በሁለትና በሦስት እጥፍ ፈጥኖ ይወርዳል። በዚያ ላይ የጠፋውን ጡንቻ ቦታ ስብ ሊይዘው ይችላል፤ ክንዱ ሲታይ ሙሉ ነው፣ ሲጨበጥ ግን ባዶ። ቴፒ ከተማ ውስጥ ሱቃቸው ደጃፍ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚውሉ፣ «አማረብህ፣ ወፈርክ» የሚባሉ ሰዎች እግራቸው ከገጠሩ ቀጭን ገበሬ እግር የደከመ ሊሆን ይችላል። የአውሮፓ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት መመሪያ መጀመሪያ የሚለካው የጡንቻ መጠን መሆኑ ቀርቶ ጉልበት ሆኗል። የእጅ ጭብጥ በመሣሪያ ተለክቶ ለወንድ ከ27 ኪሎ፣ ለሴት ከ16 ኪሎ ካነሰ ያጠራጥራል። መሣሪያ ከሌለ ወንበር ይበቃል፦ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ አምስት ጊዜ መነሳትና መቀመጥ ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ጉልበት ደክሟል ማለት ነው። የእስያ ባለሙያዎች ጠንከር ብለው መስመሩን 12 ሰከንድ ላይ አስምረውታል። አራት ሜትር በተለመደ እርምጃ ለመራመድ አምስት ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ የሚፈጅ ሰው ደግሞ ችግሩ ጠንቷል።

የእጅ ጭብጥ ነገር ቀላል ይመስላል። በ17 አገሮች ወደ 140,000 የሚጠጉ ሰዎችን የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት ግን ጭብጣቸው በ5 ኪሎ የቀነሰ ሰዎች የመሞት ዕድላቸው በ16 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቷል። ጭብጡ ሞትን አስቀድሞ በመጠቆም ከላይኛው የደም ግፊት ልክ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። መዳፍ ራሱ አይገድልም፤ የመላው አካል ሁኔታ እዚያ ላይ ስለሚታይ ነው።

ለመሆኑ ጡንቻ ማለቁ ሰውን እንዴት ይጎዳል? ቀዳሚው መውደቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመውደቅ ምክንያት በየዓመቱ 684,000 ሰዎች እንደሚሞቱ ይገምታል፤ ከሟቾቹ መካከል የሚበዙት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። ቴፒ ዝናብ የማይሰስትበት አገር ነው፤ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። የጓሮው ጎዳና ጭቃ ነው፣ የመጸዳጃው መንገድ ቁልቁለት ነው፣ ሌሊት መብራት ይጠፋል። ወጣት ሲያንሸራትተው ፈጣኑ ክር ይደርስለታል፤ ሳያስበው ሌላው እግሩ ይቀድምና ይቆማል፣ ስቆ ያልፋል። አዛውንት በዳሌያቸው ያርፋሉ። የዳሌ አጥንት ስብራት ዋናው ሕክምናው ቀዶ ሕክምና ነው። የእኛ ሰው ግን መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ዘንድ ነው። ወጌሻ የወለቀ ክንድ መልሶ ይሆናል፤ የጭን አጥንት አንገት ሲሰበር ግን በማሸትና በማሰር የሚገጥም ነገር የለም። ከዚያ የሚከተለው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት አልጋ ላይ መዋል ነው። አልጋው ላይ ደግሞ የተረፈው ጡንቻ ያልቃል።

የአልጋው ነገር ብቻውን ሊነገር ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጤነኛ የሆኑ፣ በአማካይ 67 ዓመት የሞላቸው ፈቃደኞችን ለ10 ቀን አልጋ ላይ አስተኛ። አልታመሙም፤ ምግብ አልጎደለባቸውም። በ10 ቀን ውስጥ ከእግራቸው ብቻ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ አጡ። አሁን በዚህ ላይ ወባን ጨምሩበት። ቴፒ ቆላማ ናት፤ ወባ ቤተኛ ነው። ትኩሳት ሰውነት ፕሮቲን እንዲያቃጥል ያስገድዳል፤ ሰውነት ፕሮቲን ያጠራቀመበት ሌላ ማስቀመጫ ስለሌለው የሚያወጣው ከጡንቻ ነው። ቁስል ለመጠገን፣ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ለማምረት የሚያስፈልገው ሁሉ ከዚያው ይቀዳል። ምግብ አይበላም፣ አይንቀሳቀስም፣ ትኩሳቱ ያነዳል። አንድ የወባ ወቅት ያሳለፉ የ70 ዓመት እናት ከአልጋ ሲነሱ ወባው ለቋቸዋል፤ እግራቸው ግን ከመታመማቸው በፊት እንደነበረው አይደለም። ወጣት ልጃቸው በሦስት ሳምንት የሚመልሰውን እሳቸው ዓመት ሙሉ ላይመልሱት ይችላሉ፤ ከዚያ በፊት ሌላ ትኩሳት ይደርሳል። ለዚህ ነው እርጅና ብዙ ጊዜ ቁልቁለት ከመሆን ይልቅ ደረጃ ደረጃ እየዘለለ የሚወርደው። ቤተሰብ «ባለፈው ክረምት ታመው ከተነሱ ወዲህ እንደ ድሮው አይደሉም» ሲል የሚያወራው ስለዚህ ነው።

በዚህ ጊዜ ክሊኒክ ሄዶ «ግሉኮስ ይሰካላቸው» ማለት ልማድ ሆኗል። አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ያለው 50 ግራም ስኳር ነው፤ ኃይሉ 200 ካሎሪ አይሞላም፤ ፕሮቲን የሚባል ነገር የለበትም። ውኃ ለጎደለው ሰው ውኃ ይሰጣል፣ ያ ጥቅም ነው። ለጡንቻ ግን ገንዘቡን በእንቁላል ቢገዙበት ይሻላል።

ጡንቻ ሌላም ሥራ አለው፤ ሰው እምብዛም አያስበውም። ከምግብ በኋላ ወደ ደም የሚገባውን ስኳር በኢንሱሊን ትእዛዝ ከሚረከቡት አካላት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ጡንቻ ነው። ጡንቻ ሲያንስ የስኳሩ ማረፊያ ያንሳል። በጎደሬ፣ በቆጮና በበቆሎ የሚኖር፣ ጉልበት ሥራ ያቆመ፣ ሻዩን በብዙ ስኳር የሚጠጣ አዛውንት የስኳር በሽታ ሲይዘው አንዱ መንገድ ይኸው ነው። የስኳር በሽታም በተራው ነርቭና ጡንቻ ይጎዳል፤ ሁለቱ ይመጋገባሉ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ክርክር ይነሳል። «የኛ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲቆፍር፣ ሲሸከም፣ ዳገት ሲወጣ ኖሮ ይህ የፈረንጅ በሽታ ምን አገናኘው?» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። በሥራ የጠነከረ ሰው እርጅናን የሚጀምረው ከከፍታ ስለሆነ ለመውደቅ ረጅም መንገድ አለው። ጡንቻ ግን አይጠራቀምም። 40 ዓመት ሙሉ ባለ 17 ኪሎ ፈረሱላ ቡና ሲሸከሙ የኖሩ እግሮች ሥራው ከቆመ በወራት ውስጥ መሟሸሽ ይጀምራሉ። ሸክም ጉልበትን እንደሚያጠነክር ሁሉ፣ ሳይበሉ የተሸከሙት ሸክም ያከሳል፤ ቀን ሙሉ ማገዶ ተሸክማ ማታ ቆጮ በጎመን በልታ የምታድር ሴት ጡንቻዋ የሚገነባበት ነገር አላገኘም። የጉልበት መገጣጠሚያዋም ቀድሞ ያረጃል፤ ሕመሙ እንዳትንቀሳቀስ ያደርጋታል፣ አለመንቀሳቀሱ ደግሞ መገጣጠሚያውን የሚደግፈውን ጡንቻ ይወስዳል። የድካም ኑሮን እንደ ስፖርት አድርጎ ማወደስ የጠገበ ሰው ወሬ ነው።

ከገጠር ኑሮ በእውነት ሊወደስ የሚገባው አንድ ነገር ግን አለ፦ ወደ መሬት የቀረበ መሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት በታንዛኒያ አድነውና ለቅመው የሚኖሩትን ሐድዛዎች ተከታትሎ፣ በቀን ወደ አሥር ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ እንደሚያርፉ አገኘ። ከከተሜው አይለዩም ማለት ነው። ልዩነቱ አስተራረፋቸው ላይ ነው፤ ቁጢጥ ብለውና ተንበርክከው ስለሚያርፉ የእግራቸው ጡንቻ ሙሉ በሙሉ አይተኛም። የእኛም ቤት እንዲሁ ነበር። ቡና የሚፈላው አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው፤ እህል የሚለቀመው መሬት ላይ ነው፤ መጸዳጃው ቁጢጥ ያሰኛል። በክርስቲያኑ ስግደት፣ በሙስሊሙ ሶላት ጉልበት መታጠፍና መነሳት አለ። ብራዚላዊው ሐኪም ክላውዲዮ ጂል አራውዦና ባልደረቦቹ ከ51 እስከ 80 ዓመት የሆናቸውን 2,002 ሰዎች መሬት ላይ ተቀምጠው ሲነሱ ነጥብ እየሰጡ ለዓመታት ተከታትለው፣ እጅና ጉልበት ሳያስደግፉ መነሳት ያቃታቸው ሰዎች ቀድመው ሲሞቱ አይተዋል። ለአባባ ሳሎን የምናስገባው ሶፋና የፕላስቲክ ወንበር በቀን 20 እና 30 ጊዜ ከዝቅታ የሚነሱበትን ሥራ ነው የሚያስቀርባቸው። ወንበር ይውጣ ማለቴ አይደለም፤ ጉልበቱ ለታመመ ወንበር እፎይታ ነው። የመነሳቱ ቁጥር ግን መቀነስ የለበትም።

እዚህ ላይ ነው አክብሮታችን የሚመጣው። «እማማ አይነሱ፣ እኔ አመጣዋለሁ።» «አባባ ይቀመጡ፣ ጆንያውን ለልጁ ይስጡት።» «በዚህ ዕድሜዎ እንዴት ውኃ ይቀዳሉ? ሰው ምን ይለናል?» ሁሉም ከፍቅር የመጣ ነው፣ ሁሉም ያስመሰግናል። ሰፈሩም ልጆቹን የሚመዝነው እናታቸው እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጣቸውን አይቶ ነው፤ የ70 ዓመት እናት አምስት ሊትር ጀሪካን ይዘው ከቦኖ ሲመለሱ ከታዩ ልጆቹ ናቸው የሚታሙት። ስለዚህ እናት ይቀመጣሉ። በዓመቱ ከተቀመጡበት ለመነሳት እጅ ይሰጧቸዋል። እጅ መስጠቱም አክብሮት ስለሆነ ማንም እንደ ምልክት አይቆጥረውም። በጡረታ የሚወጡትም ከዚህ አያመልጡም። በሕጉ የጡረታ መውጫው 60 ዓመት ነው፤ በአካባቢው ባሉት ሰፋፊ የቡና እርሻዎች ቋሚ ሠራተኛ የነበረ ሰው በዚያ ዕለት ከቀን ሙሉ እንቅስቃሴ ወደ ቤት ደጃፍ ይሸጋገራል። የቀን ሠራተኛ ለቃሚው ጡረታ ስለሌለው እስኪያቅተው ይሠራል። ለጡንቻው የሚሻለው ሁለተኛው ነው ብሎ መፍረድ ግን ከባድ ነው፤ እሱ የሚቸገረው በማዕዱ ነው።

ስለ ማዕዱ። ለአዋቂ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ፕሮቲን ይበቃል የሚለው የቆየ ልክ ለአረጋውያን እንደሚያንስ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ሲያሳስቡ ቆይተዋል፤ እነሱ የሚሉት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ነው። 50 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም መሆኑ ነው። ምክንያቱ የአዛውንት ጡንቻ ለምግብ የሚሰጠው ምላሽ መደንዘዙ ነው። ወጣት በትንሽ ፕሮቲን ጡንቻ መገንባት ይጀምራል፤ አዛውንቱ በአንድ ማዕድ 20 ግራም ያህል ካላገኘ ግንባታው በቅጡ አይነሳም። አሁን የቴፒን ገበታ እንመልከት። ጎደሬ፣ ቦዬ፣ ቆጮ፣ ሙዝ ሆድ ይሞላሉ፤ ከ100 ግራም የበሰለ ጎደሬ ወይም ቆጮ የሚገኘው ፕሮቲን ግን ከ2 ግራም ብዙም አያልፍም። ግማሽ ኪሎ ጎደሬ በልቶ የሚነሳ ሰው ጠግቧል፤ ጡንቻው ግን ተርቧል። በቆሎ ይሻላል፤ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ስለሚያንሰው ግን ብቻውን ጎዶሎ ነው።

መፍትሔው ከጓሮ አይርቅም። ቦሎቄ አለ። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ሙሉ የተቀቀለ ቦሎቄ 15 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል፤ የበቆሎንም ጉድለት ይሞላል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያገኙ እናት ያንን የ20 ግራም ደፍ አለፉ። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም አለው። ችግሩ የሚበዛው በአበላል ላይ ነው። ጥርስ ስለሌለ ቦሎቄው ይቀራል፤ ቀቅሎ መፍጨት ወይም እንደ ሽሮ ማብሰል ይቻል ነበር። ጠዋት ቡና በቁራሽ ቂጣ፣ ረፋድ ቡና ከቆሎ ጋር፣ ከሰዓት ደግሞ ቡና ይሆንና ትክክለኛ ምግብ የሚቀርበው ማታ አንዴ ነው። ቡናውን ማንም አይከለክልም፤ ይህን በቡና አገር ማለት ድፍረትም ይሆናል። የቡና ቁርሱ ግን ከቆሎና ከቂጣ ወደ እንቁላልና ንፍሮ ቢቀየር ብዙ ነው። ዶሮዋ እንቁላል ጥላ እንቁላሉ ለገበያ ሲወጣ፣ ሁለቱ ለልጆች ሲቀሩ፣ «እኔ በቃኝ፣ ለልጆቹ ስጧቸው» የሚሉት አያት ናቸው። ማንም አይጫናቸውም፣ ምክንያቱም ለሽማግሌ ቀርቶ ለልጅም ያልበቃበት ቤት ብዙ ነው። ጾምም አለ። የጾም ምግብ ሽሮና ምስር ስለሚፈቅድ ፕሮቲኑ ከባድ እንቅፋት አይደለም፤ የሚጎዳው የቀኑ ምግብ ሁሉ ወደ አንድ የማታ ማዕድ መጠቅለሉ ነው። አቅም ያጣ ክርስቲያን ከንስሐ አባቱ ጋር መነጋገር ይችላል፤ ለሙስሊሙም በጾሙ ፈንታ ድሃ የሚያበላበት ፊድያ የሚባል መንገድ ተከፍቶለታል። አስቸጋሪው አዛውንቱን ማሳመኑ ነው። የኩላሊት በሽታ ያለበት ሰው ግን ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ሐኪም ይጠይቅ።

ምግብ ብቻውን ግን አይሠራም። ይህን በጉልህ ያሳየችው ሐኪሟ ማሪያ ፊያታሮኔ ናት። እ.ኤ.አ. በ1990 ቦስተን ውስጥ በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ከ86 እስከ 96 ዓመት የሆናቸውን አሥር ደካማ አዛውንት ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሱ አደረገች። ጉልበታቸው በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ በአማካይ 87 ዓመት የሆናቸውን 100 ሰዎች በአራት ከፍላ፣ ለአንዱ ክብደት ማንሳት፣ ለአንዱ ተጨማሪ ምግብ፣ ለአንዱ ሁለቱንም፣ ለአንዱ ምንም ሳትሰጥ አስር ሳምንት ጠበቀች። ክብደት ያነሱት ጉልበታቸው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ተጨማሪ ምግብ ብቻ የወሰዱት ለውጥ አላሳዩም። ይህ ከሆነ 30 ዓመት አልፎታል፤ እስካሁን ለሳርኮፔኒያ ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት የለም። በእነዚያ አዛውንት የጠፋው ነርቭና ክር አልተመለሰም፤ የተረፉት ክሮች ወፈሩ፣ ነርቮቹም አብረው ማዘዝን እንደገና ተማሩ። ለመነሳትና ለመራመድ ይህ በቂ ነው።

ቦስተን የነበረው መሣሪያ ቴፒ አያስፈልግም። ግድግዳ አጠገብ የተቀመጠ፣ የማይንሸራተት ወንበር ወይም መደብ ይበቃል። እጅን ሳያስደግፉ ቀስ ብሎ መነሳት፣ ከዚያ ከመነሳቱም ቀስ ብሎ መቀመጥ፤ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ፣ አርፎ እንደገና። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን። ሲቀልል መቀመጫውን ዝቅ ማድረግ፣ በመጨረሻም ወደ በርጩማ መውረድ። ግድግዳ ይዞ ተረከዝን ከመሬት ማንሳት ለባት ነው። ሸክምን ሁሉ ከመከልከል ሦስት ሊትር ውኃ በእያንዳንዱ እጅ ማስያዝ ይሻላል፤ ከአንድ ወር በኋላ አምስት ይሁን። ሕጉ አንድ ነው፦ መጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜያት ሊከብዱ ይገባል። ካልከበደ ጡንቻው የሚገነባበት ምክንያት አያገኝም፤ «ቀስ ብዬ በእግሬ እሄዳለሁ» ለልብ ጥሩ ቢሆንም ለፈጣኑ ክር አይደርስም። ጉልበቱ የሚያም ሰው ከፍ ካለ መቀመጫ ይጀምር። ልምምዱ ከቆመ ደግሞ ድካሙ ይመለሳል፤ ልምምዱን በተዉ በጥቂት ወራት ውስጥ ያገኙት ይሄዳል፣ ስለዚህ የቡና ለቀማው ወር ለሌላው ዓመት አይበቃም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን የሕፃን ክንድ በሜትር መለካት በሚገባ ያውቃሉ። የባት ዙሪያ መለካት ከዚያ አይከብድም፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። የእስያ ባለሙያዎች ለወንድ ከ34፣ ለሴት ከ33 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ባት ሲያዩ ይጠራጠራሉ። መስመሩ ለእኛ ሰው ቁመናና ውፍረት ተስተካክሎ መሰመር አለበት፤ አምስት ጊዜ መነሳትና መቀመጥ ግን ማንንም አያዳላም፣ ሰዓት ብቻ ይፈልጋል። ቤት ለቤት ለሚዞር ሰው የሚጠይቀው አንድ ደቂቃ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ድካሙ በዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ ለመጣበት ሰው ነው። በወራት ውስጥ የከሳ፣ ልብሱ የሰፋበት፣ ሌሊት የሚያልበው ወይም ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስለው ሰው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል። ብዙ የሚጠማውና ቶሎ ቶሎ የሚሸናው ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ይለካ። ድካሙ በአንድ ወገን ብቻ በድንገት ከመጣ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም ንግግር ከተሳሰረ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይወሰድ። ሲነሳ ደረቱን የሚያመው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረውም ልቡ ሳይታይ ልምምድ አይጀምር። በተረፈ 70 ሞልቶኛል ማለት ብቻውን ላለመጀመር ምክንያት አይሆንም፤ ከመጀመሪያዎቹ አሥር የቦስተን አዛውንት ትንሹ 86 ዓመቱ ነበር።